ከእናቴ ጓዳ የወጡ ዕቃዎች፦ የደሴ ቆራሌ፣ ልዋጭ፣ አሮጌ ዕቃ ሱቅና የሰፈራችን ቅሬ ሲመዘኑ

ደሴ ውስጥ እናቴ በምትኖርበት ግቢ ጀርባ፣ ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የምትሆን አንዲት ክፍል አለች። መጀመሪያ ለማድ ቤትነት ታስባ የተሠራች ብትሆንም፣ ላለፉት ሃያ ዓመታት ያህል ከዋናው ቤት የተረፈ ነገር ሁሉ የሚገባባት፣ ከገባ በኋላ ግን የማይወጣባት ጓዳ ሆና ቆይታለች። የእህቴ ልጅ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ሁለተኛ ዲግሪውን ለመማር ሲመጣ ማደሪያ አስፈለገውና ክፍሏን ባዶ የማድረጉ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። በአንድ ወር ውስጥ አራት ዓይነት ተረካቢዎችን ሞከርሁ፦ በየመንደሩ እየዞረ ብረታ ብረት የሚገዛውን ቆራሌ፣ አሮጌ ልብስ በሳፋና በባልዲ የሚቀይረውን ልዋጭ፣ ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ ያገለገለ የቤት ዕቃ የሚገዛና የሚሸጥ አንድ ሱቅ፣ በመጨረሻም የራሳችንን የሰፈር ቅሬ፣ ማለትም ዕድር። ከአራቱ አንዱንም መጥፎ ነው ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው የሚያውቁት አንድ ዓይነት ዋጋ ብቻ ስለሆነ፣ ዕቃውን ለማይሆነው ሰው ያቀረበ ይከስራል። እኔም ሁለት ጊዜ ለጥቂት ተርፌያለሁ።

ስለ ገዢዎቹ ከመናገሬ በፊት ስለ ባለቤቲቱ ጥቂት ማለት ይኖርብኛል፤ ያለዚያ አንድን ዝገት የበላው ምጣድ ለማውጣት ለምን ሦስት ቀን እንደፈጀብኝ አይገባም። እናቴ ኩታበር ገጠር ውስጥ ተወልዳ ያደገች ናት። የ1966ቱን ረኃብ በልጅነቷ አይታዋለች፤ የ1977ቱን ደግሞ ልጆች ታቅፋ አሳልፋዋለች። በሁለቱም ጊዜ ገበሬው መጀመሪያ በጉን፣ ቀጥሎ በሬውን፣ በመጨረሻም የቤት ዕቃውን ወደ ገበያ ሲያወጣ አይታለች፤ ሁሉም ሻጭ በሆነበት ገበያ ላይ ዕቃ እንደሚረክስ፣ እህል ግን እንደሚወደድ የወሎ ሰው ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። ያም ሆኖ የሚሸጥ ነገር የነበረው ሰው ምንም ካልነበረው ይልቅ ጥቂት ቀን ሰንብቷል። ስለዚህ በእናቴ ዓይን ዕቃ ጌጥ አይደለም፤ ጥሪት ነው።

በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ቤቱን ዘግተን ከወጣን በኋላ ስንመለስ ዋናው ቤት ተራቁቶ፣ የጀርባዋ ክፍል ግን ሳትነካ አገኘናት። የከተማው ሙዚየም እንኳ በተዘረፈበት በዚያ ወቅት ያቺ ጓዳ የተረፈችው፣ በሯን የከፈተ ሰው ለመሸከም የሚያበቃ ነገር ስላላየባት መሆኑ ለእኔ ግልጽ ነበር። እናቴ ግን እንዲህ አላየችውም። «አላህ ያተረፈልኝን ዛሬ አንተ ልታወጣብኝ ነው?» አለችኝ። ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር ወዲያው አላገኘሁም።

ስለዚህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ትጠቀሚበታለሽ ወይ?» የሚለው ጥያቄ እናቴ ዘንድ አልሠራም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ለክፉ ቀን ይሆናል» ነው። የሠራው ጥያቄ የራሷን አነጋገር ተከትሎ የመጣ ነው፦ ክፉ ቀን ቢመጣ ይህን ዕቃ ማን ይገዛሻል፣ ምኑንስ ብሎ? ስዕሉ የጠፋውን፣ ጀርባው እንደ ጉብታ ያበጠውን አሮጌ ቴሌቪዥን ይዤ ይህን ስጠይቃት ሳቀች፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ቀለለ። የደሴ አየርም ረድቶኛል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ግርጌ የተቀመጠ በመሆኑ ክረምቱን ሙሉ ጉም ቤት ውስጥ ድረስ ይገባል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከረመ ቆዳ ይሻግታል፣ ሱፍ ብል ይበላዋል፣ ብረት ይዝጋል። ጥሪትማ ከሆነ፣ በየዓመቱ ከላዩ ላይ የሚቀነስበት ጥሪት ነበር።

መጀመሪያ የጠራሁት ቆራሌውን ነው። በሰፈራችን ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያልፋል፤ ድምፁ ከሩቅ ስለሚሰማ ቀጠሮ አያስፈልግም። የዚህ አገልግሎት ትልቁ በጎ ነገር ዕቃውን ከነበረበት ጥግ ራሱ ጎትቶ ማውጣቱ፣ የወጣውን ደግሞ እዚያው በጥሬ ገንዘብ መክፈሉ ነው። በገመድ ያሰራትን ማግኔት እያወጣ በየብረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ከተጣበቀ ብረት ነው፣ ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ወይም ናስ ወይም መዳብ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው ያስቀምጠዋል። «ጋሼ፣ የማይነሣውን ለብቻው ያድርጉልኝ፤ ዋጋው አንድ አይደለም» ብሎ ራሱ ስለነገረኝ ወድጄዋለሁ። ብረት በኪሎ ዝቅተኛው ነው፤ አሉሚኒየም ከብረት በብዙ ይበልጣል፤ መዳብ ከሁሉም በላይ ነው። ስለዚህ የተበላሸ ምድጃ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የቧንቧ መክፈቻና የቆርቆሮ ቁራጭ አንድ ላይ ከምሮ «በድምሩ ስንት ትላለህ?» የሚል ሰው መዳቡን በብረት ዋጋ ሰጠ ማለት ነው። ግማሽ ሰዓት ወስዶ መለየት ያዋጣል።

ሚዛኑ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሚጠቀምበት በእጅ አንጠልጥሎ የሚያነበው ባለ ስፕሪንግ ሚዛን ሲሆን፣ የምጣዱ ክብደት ትንሽ አነሰብኝና ልፈትነው ፈለግሁ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ እንደሚመዝን ሁሉም ሰው በትምህርት ቤት ተምሮታል፤ ቤት ውስጥ ያገኘሁትን ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን እስከ አፉ ውኃ ሞልቼ «እስኪ ይህን ስቀልልኝ» አልሁት። ከነጀሪካኑ ከ5 ኪሎ በላይ ማንበብ የነበረበት ሚዛን ከ4 ኪሎ ተኩል አላለፈም፤ ከአሥር አንድ እጅ የሚሆነው ዕቃዬ አየር ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ልጁ አልተቆጣም፣ አልካደምም፤ ሚዛኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ስፕሪንጉ ደክሞ ነው ጋሼ» ብሎ በጎደለው ልክ ጨምሮ ከፈለኝ። የደከመው ስፕሪንጉ ብቻ መሆኑን እጠራጠራለሁ፤ ምክንያቱም ደክሞ የተለጠጠ ስፕሪንግ አብዝቶ ማንበብ እንጂ ማሳነስ አልነበረበትም። ቢሆንም በሁለተኛው ቀን ሲመጣ ጀሪካኑ በር ላይ ተቀምጦ ስላየው፣ ሚዛኑ ያለ ምንም ክርክር ትክክለኛውን አነበበ። ከእርሱ ጋር ለሚገበያዩ ሁሉ ያለኝ ምክር ይህችው ጀሪካን ናት።

የመጀመሪያው ለጥቂት የተረፍሁበት ዕቃ የሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና ናት። ባለ እግር ስለሆነች ከነማቆሚያዋ ከ30 ኪሎ በላይ ትመዝናለች፤ ጠፍሯ ተበጥሷል፣ መዘውሯ ዝጎ አልዞር ብሏል። ቆራሌው ብድግ አድርጎ አያትና 1,200 ብር አለኝ፤ ለእርሱ ብረት ናት፣ በብረትነቷም የሰጣት ዋጋ ትክክል ነው። እኔም «ይሁን» ልል ነበር፤ እናቴ «ቆይ፣ መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ይያት» ባትል ኖሮ ያን ዕለት በጋሪው ላይ ትወጣ ነበር። በረንዳ ላይ የሚሠራው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ መጥቶ ዘይት አፈሰሰባት፣ ማታውን አሳደራት፣ በማግስቱ መርፌና ጠፍር ቀይሮ ከእግሩ በታች «ቀጭ ቀጭ» አሰኛት። ለሥራውና ለዕቃው 600 ብር ከፈልሁ። የእነዚህ መኪናዎች ውስጥ ልክ እንደ ሰዓት የተዋደደ ብረት ብቻ ነው፤ በኤሌክትሮኒክስ የሚቃጠል ነገር የለባቸውም፣ መብራት በጠፋም ጊዜ ይሠራሉ፣ ስለዚህ ዝገት ካልበላቸው በስተቀር «ተበላሹ» የሚባሉት ብዙ ጊዜ ዘይት የጠማቸው ናቸው። በአካሏ ላይ የተቀረጸው በፊደል የሚጀምር ተራ ቁጥር የተሠራችበትን ዘመን ለማወቅ ያገለግላል፤ ልብስ ሰፊው ግን ለዘመኗ ደንታ ሳይኖረው ቆራሌው ከጠራው ዋጋ አምስት እጥፍ ሰጥቶ ሊወስዳት ፈለገ። እናቴ አልሸጠችም። «ክፉ ቀን ቢመጣ ማን ይገዛሻል?» ለሚለው ጥያቄዬ የማያዳግም መልስ ያገኘችበት ዕቃ ይህች ብቻ ስለነበረች፣ ወደ ዋናው ቤት ገብታ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣለች።

ቴሌቪዥኑን በተመለከተ ከቆራሌው ጋር አልተስማማንም። 150 ብር ሊሰጠኝ ነበር። ምን እንደሚያደርግበት ስጠይቀው ሳይደብቅ ነገረኝ፦ ከቱቦው አንገት ላይ የተጠመጠመውን የመዳብ ጥቅል ያወጣል፣ ሳጥኑንና ሽቦውን ይለያል፣ መስታወቱን ግን ማንም ስለማይገዛው ሰብሮ ቦይ ዳር ይጥለዋል። የዚያ መስታወት የኋላ ክፍል እርሳስ ያለበት ነው፤ ከፊት ለፊቱ በውስጥ በኩል የተቀባውም ዱቄት ልጆች በእጃቸው ሊነኩት የሚገባ ነገር አይደለም። ደሴ ደግሞ ተዳፋት ከተማ ናት፤ ቦይ ዳር የተጣለ ነገር ክረምት ሲገባ ወደ ቦርከና ይወርዳል፣ ቦርከና ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ። የመኪና ባትሪም ሲሰጡት አሲዱን እዚያው ግቢ ውስጥ ለመድፋት ስለሚቸኩል፣ ከነውኃው እንዲወስደው አጥብቆ መናገር ያስፈልጋል። ይህን የምጽፈው ልጁን ለመውቀስ አይደለም፤ መስታወቱን የሚረከበው ሰው በሌለበት ከተማ እርሱ ብቻውን ምን ያድርገው? ሆኖም ቴሌቪዥኑን አልሰጠሁትም፤ ከእርሱ ጋር በጠቅላላው 2,340 ብር ተገበያየን።

ስለ ልዋጩ ብዙ የምለው የለኝም። አሮጌ ሱሪ፣ ኮትና ጫማ ይወስዳል፣ በምትኩ ሳፋ፣ ጆግ ወይም ባልዲ ይሰጣል፤ ገንዘብ የሚባል ነገር በመካከል አይገባም። ክርክሩን ለእናቴ ተውሁላት፤ እኔ ብሆን ኖሮ በሩብ ሰዓት ውስጥ ተሸንፌ የምተወውን ነገር እርሷ ቡና እስኪፈላ ድረስ ይዛው ቆይታ፣ ለሰባት ልብስ ሁለት ትልልቅ ሳፋና አንድ ባልዲ ተቀበለች። በየገበያው ሰልባጅ በተከመረበት ጊዜ ለለበሱት ሱሪ ከዚህ የተሻለ ዋጋ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ፍርዱ ተገቢ ነው እላለሁ። ልዋጩ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ጎትቶ ያያል፤ ከሳሳ አይወስድም። ደጋ ላይ በእጅ ተፈትሎ የተሠራውን የሱፍ ባና አይቶ ሳይነካው አለፈ፤ ብል በሦስት ቦታ በስቶት ነበርና። እኛ ባናውን አጥበን ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ካዋልነው በኋላ ቀዳዳዎቹን ጠቅመን ለእህቴ ልጅ አልጋ አደረግነው። የደሴን የኅዳር ሌሊት ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፦ ኪስ ሳይፈተሽ ልብስ አይሰጥ። ከአባቴ ካፖርት የውስጥ ኪስ አንድ የመቶ ብር ኖት አወጣሁ፤ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ገንዘቡ ሲቀየር ከአገልግሎት የወጣው ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ለመቀየሪያ የተሰጠው ሦስት ወር ነበር፤ እኛ ያገኘነው ዓመታት አልፈው ነው። በዚያች ክፍል ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች ሁሉ፣ መቀመጡ ብቻ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ያሳጣው እርሱን ነው፤ ምስጥ እንኳ ይህን ያህል አይሠራም። ካፖርቱን እናቴ አልሰጠችም፣ እኔም ማን ይገዛሻል ብዬ አልጠየቅኋትም።

ያገለገለ ዕቃ ሱቁ ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ የወሰደብኝ ሲሆን፣ አስተያየቴም በእርሱ ላይ የተከፈለ ነው። ስማቸውን የማልጠቅሳቸው ባለሱቅ አረጋዊ ናቸው፤ ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። በስልክ ከነገርኋቸው በኋላ በማግስቱ ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር ቤት ድረስ መጡ። የሚታየው ዕቃ ሦስት ነበር፦ ከዋንዛ እንጨት የተሠራ ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን፣ ፊቱ የሚያብረቀርቅ የችፑድ ቡፌና አንድ የምግብ ጠረጴዛ። ለቡፌው 5,000 ብር፣ ለቁም ሳጥኑ 3,500 ብር አሉኝ። የተሳሳቱ መስሎኝ «ሐጂ፣ ገለበጡት እንዴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ችፑድ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ዳቦ እንደሚያብጥ፣ ምስማሩ አንዴ ከለቀቀ ሁለተኛ እንደማይዝ፣ ዋንዛ ግን የልጅ ልጅ የሚወርሰው እንጨት መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው እንደሚያውቁት ጥርጥር የለኝም። መልሳቸው ግልጽ ነበር፤ «ዋንዛው ይበልጣል፤ የሚገዛው ግን የለም» አሉ። ወደ ሱቃቸው የሚመጡት በአብዛኛው ተከራዮች ናቸው፤ አንድ ክፍል የተከራየ ተማሪና ሠራተኛ፣ በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ወጣት ባልና ሚስት። እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ተፈታትቶ በባጃጅ የሚጫን፣ ፊቱ ላይ አዲስ የሚመስል ዕቃ ነው፤ አራት ሰው የሚሸከመውን ቁም ሳጥን በጠባብ በር ለማስገባት የሚታገል የለም። ቆራሌው ክብደት እንደሚገዛ፣ ልዋጩ ጨርቅ እንደሚገዛ፣ ይህ ሱቅ መልክ ይገዛል። ይህን ካወቁ በኋላ መናደድ አይቻልም፤ ቡፌውን ሸጥሁላቸው፣ ዋንዛውን አስቀረሁት።

የሱቁን አሠራር በአንድ ነገር አጥብቄ አመሰግናለሁ። ዕቃውን ከመጫናቸው በፊት መታወቂያዬን አይተው ቁጥሩን በመዝገብ አሰፈሩ፤ ከዚህም ሌላ ከጎረቤት አንድ ሰው ተጠርቶ ዕቃው የእናቴ መሆኑን እንዲመሰክር አደረጉ። ከ2014 በኋላ በዚህ አካባቢ ያገለገለ ቡፌ የሚገዛ ሰው የማን ቡፌ እንደሆነ መጠየቅ እንዳለበት የማያውቅ የለም፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በሕግ የሚያስቀጣ ከመሆኑም በላይ፣ አንዲት ሴት በአንድ ሱቅ ፊት ስታልፍ የራሷን አልጋ ብታየው የሚሆነውን ማሰብ አያዳግትም። ጎረቤታችን ለምስክርነት ተጠርቶ ሲመጣ ትንሽ ቅር ቢለውም፣ ምክንያቱ ሲነገረው ፈረመ።

የምወቅሳቸው በማጓጓዣው ነው። በስልክ «መጫኛው በእኛ ነው» ተብሎ ሳለ፣ ገንዘቡ ሲቆጠር ለተሸካሚዎቹ ተብሎ 400 ብር ተቀነሰ። ስጠይቅ «ዳገቱን ስላላየነው ነው» ተባልሁ። ደሴ ውስጥ ዳገት ስላልጠበቀ ነጋዴ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ከእርሳቸው ጋር የሚነግድ ሰው የመጫኛውን ነገር ዋጋ ከመቁረጡ በፊት፣ ተሸካሚዎቹም ባሉበት ይጨርስ። ጠረጴዛውን ደግሞ በሌላ መንገድ ሸጥነው፦ ሱቁ ዘንድ አስቀምጠን፣ ሲሸጥ ከዋጋው ከአሥር አንዱን እርሳቸው ሊያስቀሩ ተስማማን። ወዲያው ቢገዙኝ 1,800 ብር ነበር የሚሰጡኝ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ በ3,000 ብር ተሸጦ 2,700 ብር ደረሰኝ። ገንዘብ ላልቸኮለ ሰው ይህ መንገድ ይሻላል፤ ደረሰኙ ላይ ግን የዕቃው ሁኔታና ዝቅተኛው ዋጋ መጻፍ አለበት፣ እኔ ጠይቄ ነው ያስጻፍሁት።

ሁለተኛው ለጥቂት የተረፍሁበት ዕቃ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስቶች ናቸው። በእህቴ ሠርግ ጊዜ የተገዙ፣ እያንዳንዳቸው የበግ ሥጋ ከነአጥንቱ የሚውጡ የአሉሚኒየም ድስቶች ሲሆኑ፣ በወጉ የተቀቀለባቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቆራሌው መዝኗቸው ሒሳብ እያወጣ ሳለ አንዲት ጎረቤታችን በበር በኩል አይታ «እንዴ! ይህማ ለቅሬ ነው እንጂ» ብላ ገባች። ይህ ሐሳብ ለእኔ አለመምጣቱ አሳፈረኝ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ለቀብርና ለለቅሶ የሚቆመው፣ ድንኳንና አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን የሚያበድረው እርሱ ነው፤ የእኛ ሰፈር ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ በመሆኑ ደግሞ ድስት አይበቃውም፤ የሥጋ ድስቶቹን ለየብቻ ማስቀመጥ ስላለበት እጀታቸው ላይ በቀለም ምልክት ያደርግባቸዋል።

ድስቶቹን፣ 48 ሳህኖችንና አንድ አግዳሚ ወንበር ወስደን ስናስረክብ ጸሐፊው እያንዳንዱን ቆጥሮ በመዝገብ አሰፈረ፤ እናቴም ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጣት። ለለቅሶ የሚወስድ ሰው ምንም አይከፍልም፤ ለሠርግ ሲሆን መጠነኛ ኪራይ አለው፤ የሰበረ ይተካል። ዋጋ የማይከፍል ተረካቢ በግምገማ ውስጥ መግባቱ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን ከአራቱ መካከል ዕቃው የሚሠራውን ሥራ የተመለከተው እርሱ ብቻ ነው። ከዚያም በላይ የእናቴን ትልቅ ክርክር የፈታው እርሱ ነው፤ ዕቃው ከቤት ወጣ እንጂ ከእጇ አልወጣም፣ በተቸገረች ቀን ሄዳ ታመጣዋለች። ጉድለትም አለበት። የግምጃ ቤቱ ጣሪያ በአንድ ጥግ ያፈስሳል፣ ወንበሮቹ ከዚያ ሥር ተደርድረው አይቻለሁ፤ ዕቃ ወስዶ በቀኑ የማይመልስ አባልም አይጠፋም። ከሰጠን በኋላ ባለው ወር አንደኛው ድስት ተበድሮ ሄዶ ጎኑ ተጎድቶ ተመልሷል፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ለሁለት ቀን ያህል እኔን ነው የተቆጣችኝ።

ማንም የማይረከባቸው ነገሮችም አሉ። የድንጋይ ወፍጮው ከነመጁ እንዲህ ነው፤ ሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ገዢ የለውም፣ ለመሸከምም ከባድ ነው። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አስቀመጥነው፤ እናቴ መጁን ለቅመማ ቅመም መውቀጫ ታነሣዋለች። ወረቀቱን ደግሞ ሱቆች ለመጠቅለያ በኪሎ ይገዛሉ፤ ሆኖም ከመሸጡ በፊት ገጽ በገጽ ማየት ይገባል። በአንድ ወቅት የጎረቤት ልጅ የሒሳብ ደብተር ተጠቅልሎበት ቁንዶ በርበሬ ገዝቻለሁ፣ ከመቶ 42 አግኝታ ነበር። እኛ ከወረቀቱ መካከል የቤቱን ካርታ ቅጂና የአባቴን የጡረታ ደብተር አግኝተናል።

በመጨረሻ ክፍሏ ተለስናና ተቀብታ የእህቴ ልጅ ገባባት። በውስጧ ከቀድሞ ዕቃዎች ሁለቱ ቀርተዋል። አንደኛው የዋንዛው ቁም ሳጥን ነው፤ ማውጣት ስላልቻልን ልብሱን ሰቅሎበታል፣ ለእርሱም ሌላ መግዛት አላስፈለገንም። ሁለተኛው ቴሌቪዥኑ ነው። ቆራሌው እስካሁን ሳምንት ሳያልፈው በበራችን ላይ ቆም ብሎ «ጋሼ፣ ያ ቴሌቪዥን?» ይለኛል፤ እኔም መስታወቱን የት እንደሚያደርሰው መልሼ እጠይቀዋለሁ፤ ያን ጊዜ ስቆ መንገዱን ይቀጥላል። የእህቴ ልጅ በላዩ ላይ ጨርቅ አልብሶ መጻሕፍቱን ደርድሮበታል።